ጨው ያለው ፊት፣ እሪ የሚል ቢጫ፦ ፋርስኛ የስሜት ሕዋሳትን እንዴት ያደባልቃል?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለቤቱ። ሥራዬ ከኢራናውያን ጋር ስለሚያውለኝ ፋርስኛን በጆሮ ለምጄዋለሁ። ሰዋስዉ ብዙም አላስቸገረኝም፤ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። የምላስን ለዐይን፣ የጆሮን ለቀለም ሲሰጡ ቅንጣት አይከብዳቸውም። ደም ግባት ያለው፣ ጨዋታ አዋቂ ልጅ «ባነመክ» ነው፤ ጨው ያለው ማለት ነው። ቀልዱ የማያስቅ ሰው «ቢነመክ» ነው፣ ጨው አልባ። ዐይን የሚወጋ ቢጫ ሸሚዝ «ዘርድ ጂግ» ይባላል፤ ጂግ የእኛ እሪታ ነው። በጣፋጭና በኮምጣጣ መካከል ያለ ሮማን «መለስ» ነው፤ አየሩ ሳይሞቅም ሳይበርድም ሲቀር ደግሞ አየሩ መለስ ሆነ ይላሉ። ፊቱ የማይፈታ፣ ከሰው የማይገጥም ሰው «ጉሽትተልኽ» ነው፣ ሥጋው መራራ። የተናደደ ሰው ጊዜዬ መረረ ይላል። «ቢቢን ቼ ሚጉየም» ሲሉ ደግሞ የምለውን እይ ማለታቸው ነው፤ ስማ አላሉም፣ እይ ነው ያሉት።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ይህ የባለቅኔ ጌጥ አይደለም። ቲማቲም የሚመዝነውም፣ ታክሲ የሚነዳውም፣ ልጇን የምትቆጣ እናትም ሳያስቡት የሚናገሩት ነው። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይህ የፋርስኛ ልዩ ጠባይ ነው ወይስ እኛም ሳይታወቀን እናደርገዋለን? ልዩ ከሆነስ ከየት መጣ? በጆሯችሁ የሰማችሁትን ይዛችሁ ኑ። ውብ ቋንቋ ነው ብሎ ብቻ የሚያልፍ መልስ አይጠቅመንም።

መልሶቹ ስለበዙ፣ አሁን ለሚገባ ሰው እንዲቀለው ከነተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አሳጥሬ ከታች አስቀምጫቸዋለሁ።

1ኛ መልስ። ከአዲስ አበባ የጻፈ ሰው ነው፤ በጣም ጨዋ። ስለ ጥያቄው አመስግኖ በአማርኛም ጣዕመ ዜማ እንደምንል አስታወሰ፤ ዜማ ጣዕም አለው፣ ለጆሮ ይጥማል። ካልጠፋ ነገር ግን መጨረሻ ላይ ፋርስኛ የባለቅኔዎች ቋንቋ በመሆኑ በዚህ በኩል አማርኛ ደረቅ ነው የምትል አንድ መስመር ጨመረባት። ለዚህ ሁሉ ጠብ ክብሪቷ እሷ ነች።

2ኛ መልስ። ዱባይ የምትሠራ እህት ናት፤ ከሁሉም የወደድኩት የእሷን ነው። መጀመሪያ የገባችበት ቤት የኢራናውያን ነበር፤ ነመክ ጨው መሆኑን ያወቀችው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። አንድ ቀን ቆርሜ ሰብዚ ጥዳ፣ ያ በአረንጓዴ ቅጠላ ቅጠልና በደረቀ ሎሚ የሚሠራው ወጣቸው እየተንተከተከ ሳለ፣ እመቤቲቱ ከእንግዳ ጋር ገባች። የቤቱ ትንሽ ልጅ መሬት ተቀምጦ የድስት ክዳን እየደበደበ ነበር። እንግዳዋ ልጁን ሳይሆን ድስቱን ያየች መሰላት፤ ቼ ባነመኬ ስትል ሰማቻት። ወጡ ጨው በዝቶበታል ማለቷ ነው ብላ ደነገጠች። ሰዎቹ ሲወጡ ውሃ ጨመረች፣ ድንች ለሁለት ከፍላ ጣለችበት፣ ጨውን ይመጥጣል ሲባል ሰምታ። ምሳ ላይ ቢነመክ የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማችው፤ ያን ጊዜ ግን የተባለው በእርግጥም ስለ ወጡ ነበር።

3ኛ መልስ። ሎስ አንጀለስ፣ ኢራናውያን በብዛት በሚገኙበት በዌስትዉድ ሰፈር ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ወንድም «ቶንድ» የምትባለውን ቃል አመጣ። ምግብ ላይ ቶንድ ሲባል የሚያቃጥል ነው፤ ሚጥሚጣ ብታቀምሳቸው የሚሉት እሱን ነው። መንገድ ላይ ቶንድ ፈጣን ነው፤ ቶንድ ነሮ ማለት አትፍጠን። ሽቶ ቶንድ ሲሆን አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ቀለም ቶንድ ሲሆን ደማቅ ነው፤ ጠባዩ ቶንድ የሆነ ሰው ቶሎ ይቆጣል። ምላስ፣ አፍንጫ፣ ዐይን፣ ፍጥነትና ጠባይ በአንዲት ቃል። ወንድማችን ይህን ጽፎ አስተያየት ሳይጨምር ሄደ፤ አስተያየትም አያስፈልገውም ነበር።

4ኛ መልስ። እዚህ ላይ ነው ድምፅ ከፍ ያለው። ጸሐፊዋ 1ኛውን ስም ጠርታ አማርኛን ደረቅ ለማለት ምን ያህል አማርኛ እንደሚያውቅ ጠየቀችው። ከዚያ ዘረገፈችው፦ ደመ መራራ፣ ነገሩ አልጣመኝም፣ ነገሩ ሸተተኝ፣ ሞቅ ያለ አቀባበል፣ ቀዝቃዛ ሰላምታ፣ ለዛ ያለው ጨዋታ፣ ኮምጣጣ ፊት። ፋርሶች ሰው ሲጠሉ ሥጋው መረረ ሲሉ እኛ ደሙ መረረ እንላለን፤ ታዲያ የቱ ነው ደረቁ ብላ ደመደመች። አነጋገሯ ቢከርም ምሳሌዋ ግን አንጀት የሚያርስ ነው። ጉሽትተልኽንና ደመ መራራን ጎን ለጎን ሳያቸው እኔም ደነቀኝ፤ አንዱ ሥጋውን፣ አንዱ ደሙን ነው የቀመሰው።

5ኛ መልስ። 1ኛው ተመልሶ መጣ። ሐሳቡን ሳይለውጥ ቃናውን አለዘበ። በጨው በኩል ግን እኛ እንደማንገኝ ተከራከረ፤ ጨው ለመልክና ለጨዋታ መለኪያ ሲሆን በአማርኛ አልሰማሁም አለ። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ የሚለውን ተረት ራሱ አንስቶ ራሱ መለሰው፦ እዚያ ያለው ጨው ስለ ዋጋና ስለ ጥቅም እንጂ ስለ ደም ግባት አይናገርም። በዚህ ልክ ነው። ተረቱ ሌላም ነገር ያሳያል፤ በአማርኛ ጨውም ስኳርም ይጣፍጣል፣ በፋርስኛ ግን «ሺሪን» የስኳር ብቻ ነው፣ ወጥ ሲጥም ሌላ ቃል አለው። እኛ በአንዱ የጠቀለልነውን እነሱ ከፋፍለውታል።

6ኛ እና 7ኛ መልስ። እነዚህን አሳጥራለሁ። 6ኛው ነገሩን ሁሉ ወደ ሰምና ወርቅ ወሰደው፤ ቅኔ ቤት ያላለፈ ይህን አይረዳም የሚል ትምክህትም ነበረበት። 7ኛው፣ በአነጋገሩ ቅኔ ቤት የዋለ የሚመስል ሰው፣ ሰምና ወርቅ አንዱን ቃል በሁለት ትርጉም ማስኬድ እንደሆነ፣ ይህ ግን አንዱን ሕዋስ በሌላው ስም መጥራት እንደሆነ በሦስት መስመር ለይቶ አስቀመጠ። 6ኛው መልስ አልሰጠም።

8ኛ መልስ። የቋንቋ ጥናት የተማረ ሰው ነው፤ የውይይታችንን ክር ከጨዋታ ወደ ቁም ነገር ያሸጋገረውም እሱ ነው። ፋርስኛ ተናጋሪ ስለ ድምፅ ሲናገር ከፍተኛና ዝቅተኛ ሳይሆን «ናዞክ» እና «ኮሎፍት» ነው የሚለው፣ ቀጭንና ወፍራም። እነ ሣራ ዶልሻይድ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት የሆላንድ ሰዎችንና ፋርስኛ ተናጋሪዎችን አንድ ድምፅ አሰምተው መልሰው እንዲያዜሙት አደረጉ፤ ሲሰሙም ስክሪን ላይ መስመር ይታያቸዋል። የሆላንዶቹ ድምፅ መስመሩ ከፍ ዝቅ ሲል አብሮ ተዛባ፤ ውፍረቱ ግን ምንም አላደረጋቸውም። የፋርስኛዎቹ በተቃራኒው በውፍረቱ ተሳሳቱ፣ ከፍታውን ከቁብ አልቆጠሩትም። ሆላንዶቹ ድምፅን በቀጭንና በወፍራም መግለጽ ትንሽ እንዲለማመዱ ሲደረግ እነሱም እንደ ፋርሶቹ ሆኑ። እንግዲህ የአነጋገር ልማድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉሮሮ ድረስ አይወርድም ነበር።

9ኛ መልስ። ክራር የሚጫወት ወጣት በ8ኛው መልስ ተደስቶ መጣ። በአማርኛም ቀጭን ድምፅ፣ ወፍራም ድምፅ መባሉን አስታወሰን፤ እውነት ነው፣ ይህን ሁላችን ዘንግተነው ነበር። የእሱ ማብራሪያ የእጅ ማብራሪያ ነው፦ ቀጭኑን ክር ስትመታው ድምፁ ይቀጥናል፣ ወፍራሙን ስትመታው ይወፍራል፤ ምስጢር የለውም። ከዚያ ስለ ክራር ክር ዋጋ ማማረር ጀመረ፣ እሱን ዘለልኩት።

10ኛ መልስ። ስዊድን የምትኖር፣ ኢራናዊ ያገባች ሴት ናት። ኢራን ውስጥ ይህ ነገር ስም እንዳለው ነገረችን፦ «ሔስ አሚዚ»፣ ሕዋሳትን ማደባለቅ። ቃሉን ያስለመዱት የቴህራን ዩኒቨርሲቲው መምህርና ባለቅኔ መሐመድ ሬዛ ሸፊዒ ከድከኒ ናቸው። አሁን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ያጠናዋል፤ የባሏ እህት ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ስትዘጋጅ ግጥም ውስጥ ያለውን ሔስ አሚዚ ፈልጊ የሚል ጥያቄ ቤተሰቡን ሁሉ አስጨንቆ ነበር። የምለውን እይ የሚለው አባባል ራሱ ተማሪ የሚሸመድደው ምሳሌ ነው። ነገሩን ከሁሉ አብዝቶ የተጠቀመበት ደግሞ ሕንድ ተወልዶ እዚያው የኖረው የፋርስኛ ባለቅኔ ቤዲል (1644–1720) መሆኑን ጨመረች፤ አፍጋኒስታን ውስጥ ግጥሙን ተሰብስበው የሚያነቡለት ብዙ ወዳጆች አሉት።

11ኛ መልስ። 10ኛዋን ተከትሎ የመጣ ሰው ስለ ሆሻንግ ኢራኒ ጻፈ። ይህ ባለቅኔ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከ«ኾሩስ ጀንጊ» መጽሔት ሰዎች ጋር ሆኖ ባወጣው ግጥም አንድ ዋሻ «ጂግ በነፍሽ» ያሰማል፤ ሐምራዊ እሪታ። አገር ሳቀበት። ለአዲሱ ግጥም መቀለጃ ሆኖ ለዓመታት ቆየ። የሚገርመው፣ ዛሬ ሰው ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ሲጮህ ኢራናዊው ጂግ በነፍሽ አሰማ ይላል፤ ግጥሙን አንብቦ የማያውቅም ጭምር።

12ኛ መልስ። 8ኛው ሰውዬ ተመለሰ። የቋንቋ ምሁሩ ስቲቨን ኡልማን እ.ኤ.አ. በ1957 ካሳተመው ጀምሮ እንደሚታወቀው፣ ቃላት በአብዛኛው ከቅርቡ ሕዋስ ወደ ሩቁ እንደሚሄዱ አስረዳ፦ ከመዳሰስና ከመቅመስ ወደ መስማትና ወደ ማየት። ሞቃት ድምፅ፣ ጣፋጭ ዜማ፣ ቀዝቃዛ ዕይታ በየአገሩ አለ፤ ድምፃዊ ሙቀት ወይም ዜማዊ ስኳር የሚል ግን እምብዛም አይሰማም። በድምፅና በቀለም መካከል መንገዱ ወዲህም ወዲያም ክፍት ነው። ታዲያ እሪታ ቢጫ ማንንም ሳያስቅ ሐምራዊ እሪታ ለምን አሳቀ? እሱ መልስ አልሰጠም። እኔ ግን አለኝ፦ አንዱ ከጨርቅ ተራ መጣ፣ ሌላው ከመጽሔት። ሰው ገበያ ለሚወልደው ቃል ፈቃድ አይጠይቅም፣ በፊርማ የሚመጣውን ግን ይመረምራል። ሐምራዊው እሪታም ቤት ያገኘው ባለቤቱ ከተረሳ በኋላ ነው።

13ኛ መልስ። ረጅም ዝርዝር ነው፣ ሁሉም «ኾርደን»፣ መብላት። ፋርሶች ሐዘን ይበላሉ፣ ብርድ ይበላሉ፣ መሬት ይበላሉ፣ ሽንፈት ይበላሉ፣ ዱላ ይበላሉ፣ መሐላም ይበላሉ። ጸሐፊው ይህ ሁሉ ምላስ ዓለምን መግዛቱን ያሳያል ባይ ነው። እኛም ዱላ እንቀምሳለን፣ ስፖርት ጋዜጠኞቻችንም ቡድኑ የመጀመሪያ ሽንፈቱን ቀመሰ ይላሉ ሲል አጠናከረው።

14ኛ መልስ። 10ኛዋ ሴት ናት፣ በዚህኛው ግን ጨዋነቷ ቀንሷል። ሰው መዝገበ ቃላት ገልብጦ ከመለጠፉ በፊት ቋንቋው እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቅ አለች። ፋርስኛ ግሦቹን የሚሠራው በአብዛኛው ስምን ከጥቂት አጋዥ ግሦች ጋር እያጋባ ነው፤ ኾርደን ደግሞ ከመብላት ሌላ መመታት፣ መጋጨት የሚል ትርጉም አለው። ስለዚህ መሬት በላ ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ ከመሬት ተላተመ ነው። ጉንፋን ሲይዛቸው የሚሉት «ሰርማ ኾርደን»ም ለእኛ ብርድ መታኝ ይቀርባል፤ ብርድ የበላ የለም። መሐላው ግን ይለያል፦ «ሶውገንድ ኾርደን» በጥንት ዘመን እውነትን ለመፈተን የድኝ ውሃ ከማጠጣት የመጣ እንደሆነ ሊቃውንቱ ይናገራሉ፤ እሱ በእርግጥም በአፍ የገባ ነገር ነው። ለአስተርጓሚዎችም ምክር አላት፦ ፋርስ መሐላ በላ ማለት ማለ ነው፤ አበሻ ቃሉን በላ ማለት ካደ ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ይህን ማምታታት ቀልድ አይደለም።

የ14ኛዋን ቁጣ ባልወደውም ትክክለኛዋ እሷ ናት። ይህን ዓይነት ነገር ስንሰበስብ ያየነውን ሁሉ ተአምር ማድረግ ይቀናናል።

15ኛ መልስ። ሽታ ስለመስማት ነው። የሺራዙ ሐፊዝ፣ የ14ኛው መቶ ዘመን ባለቅኔ፣ የወዳጅ ጠረን ከንፋሱ እንደተሰማ ይናገራል፤ በድሮው ፋርስኛ «ሸኒደን»፣ መስማት፣ ለጠረንም ይሆናል። ጸሐፊው ይህን እንደ ብርቅ ካቀረበ በኋላ አንዲት ሴት ከሥሩ ገብታ በኮሮና ጊዜ ሁላችንም ሽታ አይሰማኝም ስንል እንደነበር አስታወሰችው። ብርድ ይሰማናል፣ ሕመም ይሰማናል፣ ሽታም ይሰማናል። ጆሯችን ሥራ በዝቶበታል።

16ኛ፣ 17ኛ እና 18ኛ መልስ። አንዲት ልጅ ከልጅነቷ ጀምሮ ማክሰኞ አረንጓዴ፣ ሐሙስ ቡናማ ሆኖ እንደሚታያት፣ ፊደላትም እንዲሁ ቀለም እንዳላቸው ጻፈች። 17ኛው ጠበል እንድትጠመቅ መከራት፤ ፌዝ ይሁን የእውነቱን አልገባኝም። ነርስ የሆነች ተሳታፊ በ18ኛው ላይ ጠበቅ አድርጋ መለሰችለት፦ ይህ በሽታ አይደለም፣ ጥቂት ሰዎች ላይ ያለ የአእምሮ አሠራር ነው፣ መታከምም አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ ከዚህ ክር ጋር ብዙም አይገናኝም፤ ባነመክ የሚል ኢራናዊ ምላሱ ላይ ጨው አይሰማውም። ይህ ልዩነት መነገር ነበረበት።

19ኛ መልስ። ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄዬ ቀጥተኛ መልስ የሞከረ ይህ ብቻ ነው። ኢራናውያን ምግብን ሁሉ ሞቃትና ቀዝቃዛ ብለው ይከፍላሉ፤ ከእሳት ሙቀትም ከቃሪያ ማቃጠልም ጋር ግንኙነት የለውም፣ የጠባይ ነገር ነው። ቴምርና ማር ሞቃት ናቸው፤ እርጎ፣ ኪያርና ዓሣ ቀዝቃዛ። ዓሣን ከእርጎ ጋር የበላ ሰው ሆዱን ሲያመው ቅዝቃዜ ያዘው ተብሎ ሻይ እንደ ባልጩት ከጠጠረ ስኳር ጋር ይሰጠዋል፣ «ናባት» የሚሉት። መሠረቱ የግሪኮቹ የአራቱ ፈሳሾች ሕክምና ነው፣ ጤናም ጠባይም በሰውነት ውስጥ ባሉ አራት ፈሳሾች ሚዛን ይወሰናል የሚለው፤ ሐኪሙ ኢብን ሲና (980–1037) ቃኑን በተባለው የሕክምና መጽሐፉ አደራጀው፣ ከሐኪሞቹም አልፎ እናቶች እጅ ገባ። ምግብን፣ ሰውነትንና ጠባይን በአንድ ሚዛን ለመዘነ ማኅበረሰብ ተግባቢውን «ኹንገርም»፣ ደሙ የሞቀ፣ የማይደነግጠውን «ኹንሰርድ»፣ ደሙ የቀዘቀዘ ማለት ምንም አይርቅም። ሁሉንም አያስረዳም፤ እሪታ ቢጫን ኢብን ሲና አያውቀውም። ለሙቀትና ለቅዝቃዜ ግን ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም።

20ኛ እና 21ኛ መልስ። 20ኛው መለስ የሚለው ቃል የእኛው ነው ብሎ ተነሣ፤ ሙቀቱ መለስ አለ እንላለንና። 21ኛው አጋጣሚ መሆኑን አስረዳው፤ ፋርስኛ ከአማርኛ ጋር ዘመድ አይደለም። በዐረብኛ በኩል የተገናኙበት ሌላ ቃል ግን እንዳለ አሳየው፦ ፋርሶች «ጠዕም» የሚሉት የዐረብኛ ውሰት ነው፣ እሱም ከግእዙ ጣዕም ጋር አንድ ሥር አለው። ሰውየው አልተዋጠለትም፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ጻፈ። አልቆጠርኩለትም።

22ኛ መልስ። እንደገና 8ኛው። አሲፋ መጂድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 በ20 ቋንቋዎች 313 ሰዎችን ቀለም፣ ቅርጽ፣ ድምፅ፣ ጣዕም፣ ሽታና ልስላሴ እንዲሰይሙ ጠይቀው ነበር። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጣዕም ላይ ሲንተባተቡ፣ ፋርስኛና ላኦኛ ተናጋሪዎች ግን ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ስም ሰጡ። አማርኛ በጥናቱ አልተካተተም። ጣዕምን እንዲህ አጥርቶ የሚጠራ ሕዝብ የጣዕሙን ስም ለፊትና ለአየር ማዋሱ አይገርምም፤ የሞላ ጎተራ ነው የሚያበድረው።

23ኛ መልስ። ከእስራኤል፣ ከሆሎን ከተማ የጻፈች ሴት ናት። ጎረቤቷ አሮጊት ኢራናዊት አይሁዳዊት ናቸው። እንጀራ በወጥ ስትወስድላቸው እጅሽን አይመመው ይሏታል፣ እኛ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው እንደምንለው። ውለታ የረሳ ሰው ሲያነሡ ጨው በልቶ ጨው መያዣውን ሰበረ ይላሉ፤ እሷም የበላበትን ወጪት ሰባሪ የሚለውን ተርጉማ ስትነግራቸው እስኪያስላቸው ሣቁ። ጠላታቸው ሲዋረድ ልቤ ቀዘቀዘልኝ እንደሚሉም ጻፈች። የእኛ አንጀት በዚህ ጊዜ ቅቤ ይጠጣል፤ የእነሱ ልብ ይበርዳል።

ከዚያ በታች ያሉት በሙሉ ዘረሽክ የሚባለው ኮምጣጣ ቀይ ፍሬ የት እንደሚገኝ፣ ለዶሮና ሩዝ ስንት ማንኪያ እንደሚበቃና ዱባይ ውስጥ ኪሎው ስንት እንደሆነ ናቸው። የዱባይዋ እህት ሁሉንም እየመለሰች ነው፤ ወጥ የሚፈልግ እሷን ይጠይቅ።